ዶን ኪሆቴን በየትኛው ትርጉም እናንብ? ቅዳሜ ምን እንደሚበላ አይታችሁ ምረጡ

ከዓመታት በፊት ከአንድ መጽሐፍ አዟሪ ላይ የፊት ገጾቹ የተገነጠሉ የእንግሊዝኛ «ዶን ኪሆቴ» ገዝቼ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ተውኩት። ዓረፍተ ነገሩ ይንዛዛል፣ ያስቃል የተባለው ቦታ ላይ ምኑ እንደሚያስቅ አይገባኝም፣ ሳንቾ ፓንዛ የሚባለው ገበሬ ደሞ ልክ እንደ ጌታው የተማረ ሰው ሆኖ ነው ሚያወራው፣ እና ይሄ መጽሐፍ ሰው ሁሉ ስላወደሰው ብቻ የሚወደስ ነው ብዬ መደርደሪያ ላይ ጣልኩት። በኋላ አንድ ወዳጄ የሌላ ሰው ትርጉም አዋሰኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጀምሬ እሁድ ማታ የንፋስ ወፍጮውንም የፀጉር አስተካካዩን ሳህንም አልፌ ብቻዬን ስስቅ የሰው እንቅልፍ ረበሽኩ። ያው መጽሐፍ ነው እኮ፣ የተለወጠው ተርጓሚው ብቻ ነው፣ ይሄን የምጽፈውም ለዛ ነው፤ ስንቱ ሰው በመጥፎ ትርጉም ጀምሮ «አይመቸኝም» ብሎ እንደተወው ሳስብ ያንገበግበኛል።

ለማያውቁት ባጭሩ፣ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሚጌል ዴ ሰርቫንቴስ በ1547 አልካላ ዴ ኤናሬስ ተወለደ፣ በ1571 የሌፓንቶ የባሕር ጦርነት ላይ ግራ እጁ ሽባ ሆነ፣ በ1575 በባሕር ወንበዴዎች ተይዞ አልጀርስ ውስጥ 5 ዓመት ምርኮኛ ሆኖ ቤዛ ተከፍሎለት ነው የወጣው። የዶን ኪሆቴ አንደኛው ክፍል በ1605 ማድሪድ ታተመ፣ በ1614 አቬያኔዳ በሚል ስም የተደበቀ ሰው የራሱን ሁለተኛ ክፍል ጽፎ አወጣበት፣ ሰርቫንቴስ ተናዶ በ1615 እውነተኛውን ሁለተኛ ክፍል አሳተመ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሞተ። ታሪኩ የፈረሰኞች ጀብዱ መጽሐፍ አብዝቶ በማንበብ አእምሮው የዞረ የላ ማንቻ ትንሽ ባላባት፣ ከሲታ ፈረሱን ሮሲናንቴ ብሎ ሰይሞ ጎረቤቱን ገበሬ ሳንቾን አስከትሎ ዓለምን ሊያቀና ሲወጣ ነው።

ይሄ መጽሐፍ ስፔን ውስጥ ቢቀር ኖሮ ዛሬ እንዲህ አናወራበትም ነበር። ቶማስ ሼልተን የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ትርጉም ያሳተመው በ1612 ነው፣ በ1613 የሼክስፒር ቲያትር ቡድን «ካርዴንዮ» የሚል ድራማ ሲያሳይ እናገኘዋለን፣ ካርዴንዮ ማለት ደሞ ዶን ኪሆቴ ተራራ ላይ የሚያገኘው በፍቅር ያበደ ወጣት ነው። የድራማው ጽሑፍ ጠፍቷል እንጂ ፍጥነቱን አስቡት፣ አንድ ዓመት! ፈረንሳይኛው በ1614 መጣ። ከዛ ሄንሪ ፊልዲንግ በ1742 «ጆሴፍ አንድሩስ»ን ሲያወጣ ሽፋኑ ላይ በሰርቫንቴስ አጻጻፍ ነው የጻፍኩት ብሎ በግልጽ አስፍሯል፣ ሻርሎት ሌኖክስ በ1752 ዶን ኪሆቴን ሴት አድርጋ ጻፈች፣ ፍሎቤር ደሞ ማንበብ ሳልችል በፊት በቃሌ የማውቀው መጽሐፍ ነው ይል ነበር፣ ማዳም ቦቫሪ በልብ ወለድ ሕይወቷን የምታበላሽ ሴት መሆኗን ስታስቡ ዝምድናው ይታያችኋል። ዶስቶየቭስኪ የ«ዘ ኢዲየት»ን ልዑል ሚሽኪን ሲቀርጽ ዶን ኪሆቴን እያሰበ ነበር። ፎክነር በየዓመቱ እንደገና ያነበው ነበር። በ2002 ከ54 አገር የተሰበሰቡ 100 ደራሲዎች ምርጥ የሚሉትን እንዲመርጡ ሲጠየቁ አንደኛ የወጣው ይሄው ነው። ከነዚህ ሁሉ ብዙዎቹ በስፓኒሽ አይደለም ያነበቡት፣ እና የዚህ መጽሐፍ ተጽእኖ ታሪክ ማለት ግማሹ የተርጓሚዎቹ ታሪክ ነው።

ሰርቫንቴስ ራሱ ነገሩን ቀድሞ ገብቶበታል። አንደኛ ክፍል ምዕራፍ 9 ላይ ታሪኩ ድንገት ይቋረጥና ተራኪው ቶሌዶ ገበያ ውስጥ በአረብኛ የተጻፈ አሮጌ ደብተር ያገኛል፣ ደራሲው ሲዴ አሜቴ ቤኔንኼሊ የሚባል አረብ ነው ይለናል፣ አንድ ሞሪስኮ ማለትም ከእስልምና ወደ ክርስትና የተመለሰ ቤተሰብ ልጅ ፈልጎ በዘቢብና በስንዴ ዋጋ ተስማምተው ቤቱ አስቀምጦ በወር ተኩል ገደማ ያስተረጉመዋል። ማለትም ስፓኒሹም ቢሆን «ትርጉም» ነው እየተባልን ነው የምናነበው። ሁለተኛ ክፍል ምዕራፍ 62 ላይ ደሞ ዶን ኪሆቴ ባርሴሎና ማተሚያ ቤት ገብቶ ትርጉም ማንበብ የፍላንደርስን የግድግዳ ምንጣፍ በጀርባው እንደማየት ነው ይላል፣ ምስሉ ይታያል ግን ክሩ ይሸፍነዋል። የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ገልብጦ ያየ ሰው ይሄ ወዲያው ይገባዋል፣ መስቀሉ አለ፣ ቀለሙም አለ፣ ግን ቋጠሮው ሁሉ ወደናንተ ነው። እና ጥያቄው የማን ጀርባ ይሻላል ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። መጽሐፍ ቤትም ሆነ ስልካችሁ ላይ ስትፈልጉ ገና ምዕራፍ አንድ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ የምትሞክሩት ፈተና አለ። ሰርቫንቴስ ባላባቱ በሳምንት ምን እንደሚበላ ይዘረዝራል፣ አርብ ምስር፣ እሁድ እርግብ ቢጤ፣ ቅዳሜ ደሞ «ዱዌሎስ ኢ ኬብራንቶስ» የሚባል ነገር። ቃል በቃል ሐዘንና ስብራት ማለት ነው፣ ግን የምግብ ስም ነው፣ ምሁራን ብዙ ተከራክረውበት አብዛኞቹ እንቁላል ከአሳማ ሥጋ ጋር የተጠበሰ ነው ይላሉ። በዛን ዘመን በስፔኗ ካስቲል ቅዳሜ ግማሽ ጾም ዓይነት ነበር። እኛ ረቡዕና አርብ የምንጾም ሰዎች አርብ ምስር ሲባል ምንም ማብራሪያ ሳንፈልግ ይገባናል፣ ከእንግሊዝ አንባቢ ይልቅ እዚህ ጋ እኛ እንቀርባለን።

እና ተርጓሚዎቹ ምን አሉ? ሞቶ በ1700 «ግሪፍስ ኤንድ ግሮንስ» አለው፣ ለቅሶና ማቃሰት፣ ሰውዬው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያለቅስ ነው የሚመስለው። ጃርቪስ በ1742 «ኦምሌት» ብሎ ገላገለው። ስሞሌት በ1755 «ግራይፕስ ኤንድ ግረምብሊንግስ» ብሎ ቁርጠትና ማጉረምረም አበላው። ኦርምስቢ በ1885 «ስክራፕስ» አለ፣ ትርፍራፊ። ኤዲት ግሮስማን በ2003 «ኤግስ ኤንድ አብስቲነንስ» አለች፣ እንቁላልና ጾም፣ ምግቡንም ያቺን የስሙን መራራ ፈገግታም በሦስት ቃል ያዘቻት፣ እኔ ይሄን ሳይ ነው ይቺ ሴትዮ ገብቷታል ያልኩት። ደሞ ጥቅሙ ይሄ ብቻ አይደለም፣ የተርጓሚ ስም የሌለው ርካሽ እትም ወይ ፒዲኤፍ ሲገጥማችሁ ቅዳሜ ምን እንደበላ አይታችሁ የማን ትርጉም እንደሆነ ታውቃላችሁ። የኔ ሽፋኑ የተገነጠለው ለቅሶና ማቃሰት የሚበላው ነበር፣ ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ፈተና የበለጠ ከባድ ነው እና እኔ ከሁሉም የምመዝነው እሱን ነው፦ ሳንቾና ጌታው የተለያየ ቋንቋ ያወራሉ ወይ? ዶን ኪሆቴ ሲያብድ የሚያወራው ከሱ ዘመን መቶ ዓመት በፊት በነበረ ስፓኒሽ ነው፣ ግዙፋን መስለውት ለሚዋጋቸው የንፋስ ወፍጮዎች «ኖን ፉያዴስ»፣ አትሽሹ፣ ብሎ ሲጮህ ያኔ ማንም መንገድ ላይ እንደዛ አይልም፣ እኛ ጋ አንድ ሰው በታክሲ ሰልፍ ላይ ተነስቶ በዜና መዋዕል አማርኛ «ኢትጉየዩ» ቅብጥርሴ እያለ ግዕዝ ቀላቅሎ ቢያውጅ ማለት ነው። ሳንቾ ደሞ ማንበብ አይችልም፣ አንዱን ተረት በሌላው ላይ ነው ሚከምረው፣ ጌታው በተረት ብዛት ሲቆጣው «ሌላ ሀብት የለኝም፣ ያለኝ ተረትና ተረት ብቻ ነው፣ በገዛ ንብረቴ ብጠቀም ምን አስቆጣህ» ዓይነት መልስ ይሰጠዋል። ይሄ ልዩነት ከጠፋ መጽሐፉ የለም፣ የቀረው አንድ ሽማግሌ ከፈረስ የሚወድቅበት ታሪክ ነው።

ንግግሩን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ኦርምስቢ የንፋስ ወፍጮው ጋ «ፍላይ ኖት» አለ፣ ግሮስማን «ፍሊ ኖት»፣ ሁለቱም ያቺን የድሮ ቃና በ«ኖት» አቀማመጥ ጠብቀዋታል። ሁለተኛ ክፍል ምዕራፍ 7 ላይ ሳንቾ ሚስቴን አሳመንኳት ለማለት ፈልጎ ቃል ያጣምማል፣ በስፓኒሹ «ሬዱሲዳ» ማለት ሲገባው «ሬሉሲዳ» ይላል፣ ኦርምስቢ «ኢንዱስድ» የሚለውን «ኢዱስድ» አስብሎት ዶን ኪሆቴ እንዲያርመው አድርጓል፣ በጣም ጥሩ መፍትሔ ነው፣ ሰዎች ኦርምስቢን ደረቅ ነው ሲሉ እኔ ይሄን ገጽ ነው የማሳያቸው። ሌላ እንግሊዝኛ ሁሉ የሚሸነፍበት ነገር አለ፣ ሳንቾ ጌታውን «ብዌስትራ ሜርሴድ» እያለ፣ እንደኛ እርስዎ በአክብሮት ነው የሚጠራው፣ ጌታው ግን ሳንቾን አንተ ይለዋል። እንግሊዝኛ አንድ «ዩ» ብቻ ስላለው ኦርምስቢ «ዮር ዎርሺፕ»፣ ግሮስማን «ዮር ግሬስ» እያሉ ይጨናነቃሉ። እኛ አንተና እርስዎ ያለን ሰዎች በውስጣችን እየመለስን ማንበብ እንችላለን፣ እኔ ሳነብ ሳንቾን በልቤ «ጌታዬ፣ እርስዎ» እያስባልኩ ነው፣ እና ሁለተኛ ክፍል ላይ ሳንቾ ድፍረት ሲያገኝ በአክብሮቱ ውስጥ እንዴት እንደሚቆነጥጥ የበለጠ ይሰማል።

እንግዲህ የትኛውን ትግዙ? ለመጀመሪያ ጊዜ የምታነቡ ከሆነ ያለ ማመንታት ግሮስማን። እንግሊዝኛው የዛሬ ነው፣ የግርጌ ማስታወሻው ጥቂትና የሚያስፈልግ ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ ሴትዮዋ ጋርሲያ ማርኬዝን ስትተረጉም የኖረች ስለሆነች ረጅም የስፓኒሽ ዓረፍተ ነገር ሳይሰበር እንዴት እንደሚሄድ ታውቃለች። የምትወቀስበት የዶን ኪሆቴን ያረጀ አነጋገር አንዳንድ ቦታ አለስልሳዋለች ተብሎ ነው፣ እውነትም አለበት፣ ግን ለጀማሪ ይሄ ጥቅም ነው። በድምፅም አለ፣ ጆርጅ ጊዳል ነው የሚያነበው፣ ወደ 40 ሰዓት ገደማ ስለሚሆን መኪና የምትነዱ ወይ የማታ ፈረቃ የምትሠሩ ሰዎች አስቡበት።

ገንዘብ ማውጣት ካልፈለጋችሁ ኦርምስቢ። የቅጂ መብቱ አልፎበታል፣ ፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ ሙሉውን በነፃ ከጉስታቭ ዶሬ ሥዕሎች ጋር ታወርዱታላችሁ፣ ሊብሪቮክስ ላይ በነፃ የተነበበም አለ። የ1885 እንግሊዝኛ ስለሆነ መጀመሪያ 50 ገጽ ይጎረብጣል ከዛ ይለመዳል፣ ታማኝነቱ ግን እስካሁን የሚያኮራ ነው። ተማሪ ለሆናችሁና ኮኔክሽን ችግር ላለባችሁ እኔ የምለው አንዴ አውርዱት፣ ስልክ ላይ ቦታም አይዝም።

ሳቁን የምትፈልጉ ደሞ ጆን ራዘርፎርድ አለ፣ በ2000 ፔንግዊን ያወጣው፣ የ1950ውን የኮኸንን ትርጉም የተካ ነው። ከግሮስማን ይልቅ የእንግሊዝ አገር እንግሊዝኛ ነው፣ ሳንቾ ላይ ደፋር ነው፣ መጽሐፉ በመጀመሪያ አስቂኝ መጽሐፍ መሆኑን ሳይረሳ የተረጎመ ሰው ነው። ሁለተኛ ጊዜ ለማንበብ ስትነሱ እሱን ያዙ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አንድ ምዕራፍ ብታነቡ ደሞ ስለ ትርጉም ከብዙ ኮርስ የበለጠ ትማራላችሁ።

ሞቶ ላይ ተጠንቀቁ። ዎርድስዎርዝ ክላሲክስ የሚያትመው ርካሹ እትም እሱ ነው፣ ዋጋው ስለሚያማልል ብዙ ሰው እጅ የሚገባው ይሄ ነው። ሞቶ ከሩዋን የተሰደደ ፈረንሳዊ ነበር፣ ሽፋኑ ላይም በብዙ እጆች የተተረጎመ ይላል፣ ሕያው ነው አልክድም፣ ግን ደራሲው ያላለውን ቀልድ ይጨምርበታል። ኦርምስቢ በመግቢያው ላይ ይሄን ትርጉም ከከንቱም የባሰ ነው ብሎ ነው የፈረደበት፣ ከንቱነቱ ሰርቫንቴስን ስለማያሳይ፣ የባሰነቱ ሌላ ሰው አድርጎ ስለሚያሳየው። ትንሽ ጨከን ያለ ፍርድ ነው ግን ሦስት ጊዜ የተውኩት እኔ አልከራከረውም። ጃርቪስ ኦክስፎርድ ወርልድስ ክላሲክስ ውስጥ ያለው ነው፣ ሥዕል ሠሪ ነበር፣ ትክክለኛ ስሙ ጀርቫስ ሲሆን ከሞተ በኋላ ሲታተም ስሙን አሳስተው ጻፉትና እንደዛው ቀረ፣ ጠንቃቃ ግን ደረቅ። ስሞሌት ራሱ ልብ ወለድ ደራሲ ስለነበር ዓረፍተ ነገሩ ይፈሳል፣ ስፓኒሽ ችሎታው ላይ ግን ሐሜት አለ፣ ከጃርቪስ ተደግፏል የሚሉም አሉ። ሼልተን በ40 ቀን ጨረስኩት ያለ ሰው ነው፣ የሰርቫንቴስን ዘመን እንግሊዝኛ መስማት ከፈለጋችሁ ጥቂት ገጽ ቅመሱ። ፑትናም 1949 ማስታወሻው ብዙ ነው ለሚያጠና ይሆናል።

እስራኤል ላላችሁ ወገኖች በዕብራይስጥ ቢያሊክ በ1912 ያወጣው አለ፣ ትልቅ ገጣሚ ስለሆነ ቋንቋው ያምራል፣ ግን ያጠረ ነው፣ ከስፓኒሽም በቀጥታ አይደለም፣ ሙሉውን ከፈለጋችሁ በኋላ ከስፓኒሽ የተተረጎመውን ጠይቁ። ገልፍ ሆናችሁ አረብኛ ማንበብ የቻላችሁ ደሞ የግብጻዊው ፈላስፋ አብዱራህማን በደዊን ትርጉም ፈልጉ፣ ሲዴ አሜቴ በአረብኛ ጻፈው የተባለውን መጽሐፍ በአረብኛ ማንበብ ራሱ ደስ ይላል።

አንድ ነገር ግን ከምንም በላይ አደራ፣ ያጠረውን አትግዙ። አንደኛው ክፍል 52 ምዕራፍ ሁለተኛው 74 ምዕራፍ ነው፣ የናንተ መጽሐፍ ያን ያህል ከሌለው ተቆርጧል ማለት ነው። ለኛ ደሞ ልዩ ምክንያት አለን፣ መጽሐፉ ውስጥ አለን። መግቢያው ላይ ሰርቫንቴስ ግጥሞቹን የሕንዱ ፕሬስተር ጆን ጻፋቸው በል ተብሎ ሲመከር ታያላችሁ፣ በዛን ዘመን አውሮፓ በዚህ ስም የሚጠራው የኛን ንጉሥ ነበር፣ ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በልብነ ድንግል ጊዜ መጥቶ አይቶ የጻፈው በ1540 የታተመው መጽሐፍም ርዕሱ ላይ ይሄው ስም ነው ያለው። ከዛ አንደኛ ክፍል ምዕራፍ 29 ላይ የመንደሩ ቄስና ፀጉር አስተካካይ ዶን ኪሆቴን አታልለው ወደ ቤቱ ለመመለስ ዶሮቴያ የምትባል ቆንጆ ልጅን የተቀማች ልዕልት አስመስለው ያመጣሉ፣ ሳንቾም ለጌታው በጆሮው ይቺ የኢትዮጵያ የሚኮሚኮን መንግሥት ንግሥት ናት ይለዋል። በደስታ ነው ያነበብኩት መጀመሪያ። ከዛ ሳንቾ ጌታው ሲነግሥ እሱም ግዛት እንደሚሰጠው ያስብና የሚያሳዝነው አንድ ነገር ብቻ ይሆናል፣ ሕዝቡ ጥቁር መሆኑ፣ ወዲያው ደሞ ምን ቸገረኝ ጭኜ ስፔን ወስጄ እሸጣቸዋለሁ፣ ጥቁሩን ነጭና ቢጫ አደርገዋለሁ ይላል፣ ብርና ወርቅ ማለቱ ነው። ያ የምወደው ሳንቾ። መጽሐፉን አጥፌ ተቀመጥኩ እውነቱን ለመናገር። የጻፈው ሰው ራሱ 5 ዓመት ሰንሰለት ያየ ምርኮኛ ነው፣ እና የሰው ዋጋ ስንት እንደሆነ በራሱ ላይ ተቆርጦ ያውቀዋል፣ ይሄን ሐሳብ በዛ ሁሉ ግድየለሽነት በደጉ ሳንቾ አፍ ማስገባቱ ዝም ብሎ አይመስለኝም። ጥሩ ትርጉም ይሄን ቦታ አያለዝበውም፣ ግሮስማንም ኦርምስቢም እንዳለ አስቀምጠውታል።

እና እስከ ሁለተኛው ክፍል ምዕራፍ 54 ታገሡ። ስፔን ከ1609 ጀምሮ ሞሪስኮዎችን በግድ እያባረረች ነው፣ ሳንቾ መንገድ ላይ የጀርመን ተሳላሚ የለበሱ ሰዎች ያገኛል፣ አንዱ ይጠመጠምበታል፣ የድሮ ጎረቤቱ ባለሱቁ ሪኮቴ ነው፣ ተባሮ ተደብቆ ተመልሶ መጥቶ። ሣር ላይ ዳቦ፣ ጨው፣ ለውዝ፣ የአይብ ቁራሽ፣ የወይራ ፍሬ ዘርግተው ወይን እየተቀባበሉ ይበላሉ፣ ከዛ ሪኮቴ በጠራ ካስቲልኛ፣ ማለትም በስፓኒሽ፣ የት ብንሄድ ስለ ስፔን እናለቅሳለን፣ የተወለድንባት አገራችን ናት ይለዋል፤ ከአገር ርቆ ያለ ሰው ይሄን ገጽ በየትኛውም ትርጉም ቢያነበው ቀስ ብሎ ያንብበው። የቀበረውን ገንዘብ አብሮት እንዲያወጣ 200 ኤስኩዶ እሰጥሃለሁ ሲለው ሳንቾ እምቢ ይላል፣ ንጉሡን መክዳት ይሆንብኛል ብሎ። ቀጥሎ ግን በኔ በኩል አትጋለጥም ብሎት በአህያው መንገዱን ይቀጥላል።